ከደሴ ተነስቶ የዓለም አቀፍ ኢነርጂ ሕግ ምሁር ለመሆን
ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ተማሪዎቼ «ከየት እንጀምር?» ይሉኛል። መጀመሪያ የምታጠኑትን ስምምነት ራሱን አንብቡ፤ ሌላው ስለሱ የጻፈው ይቆያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ካርቱም ላይ የተፈረመው የህዳሴ ግድብ የመርሆች መግለጫ ጥቂት ገጽ ነው። እኔ «ጉልህ ጉዳት» የሚለውን፣ አንዱ አገር በሌላው ላይ እንዳያደርስ የሚጠነቀቅበትን፣ በእርሳስ አስምሬበት ሳምንት ሙሉ እሱ ላይ ቆየሁ። የማስተርስ ጥናቴ ከዚያች መስመር ወጣ።

ርዕስ አጥብቡ። «ኢነርጂ በአፍሪካ» ጥናት አይሆንም። ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ቢቋረጥ ኪሳራው የማን ነው? ይሄ ይሆናል።

ለማስተርስ የስኮትላንዱ ዱንዲ ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ የቆየ ነው። ከማመልከታችሁ በፊት ግን አንድ ጽሑፍ ይኑራችሁ።

ኪሳራ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማወቅ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚበላሽ ጠይቁት። አጎቴ ሲነግረኝ ደብተሬ ሞላ።