ሆያ እንድታብብላችሁ መቀሱን አስቀምጡት

ሆያ የምትባለው የቤት ውስጥ ሐረግ ተክሌ ለምን አታብብም እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነጫነጭ ኖሬያለሁ። አንዴ አብባ ነበር። አበባው ሲረግፍ ሐረጉ ላይ የጣት አንጓ የምታህል ራቁቷን የቀረች ጭራ ተረፈች። አስጠላችኝ። የሞተች መስላኝ በመቀስ ቀጭ አደረግኳት። ከዚያ በኋላ ዝም። ችግኙን የሰጡኝ ጎረቤቴ አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ መጥተው፣ ሐረጉን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና «አንቺ ልጅ፣ ጡቷን ቆርጠሽ ወተት ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆያ እንደገና የምታብበው ከዚያችው ከአሮጌዋ ጭራ ጫፍ ላይ ነው። ባበበች ቁጥር ጭራዋ ትንሽ ትንሽ ትረዝማለች። አበባው ሲደርቅ ራሱ ይረግፋል፣ ጭራዋን አትንኩ። ቅጠል የሌለው ቀጭን ሐረግ ወጥቶ አየር ላይ ሲንቀዋለል ብታዩም ተዉት፤ የሚይዘው ነገር እየፈለገ ነው፣ ቅጠሉ በኋላ ይመጣል። የእኔዋ አንዱን ሐረግ በመስኮቱ ብረት አሾልካ ሦስት ጊዜ ተጠምጥማበታለች፤ አሁን መስኮት ለመክፈት የማስፈቅደው እሷን ነው።

ሆያ ሲባል የቡሄው ሆያ ሆዬ ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። አይገናኙም። ስሟ የመጣው ለንደን አጠገብ ሳዮን ሐውስ በሚባለው ግቢ የኖርዘምበርላንድ መስፍን አትክልተኛ ከነበረው ከቶማስ ሆይ ነው፤ ሮበርት ብራውን የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ በ1810 እ.ኤ.አ. በእሱ ስም ጠራት። ዓይነቷ ብዙ ነው። እኔ የማወራው በየቤቱ ስለምትገኘው ስለ ሆያ ካርኖሳ ነው፤ አገሯ ምሥራቅ እስያ፣ ኑሮዋ ዛፍ ላይ።

አበባዋን ያላየ ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ አይረዳኝም። እምቡጧ አምስት ማዕዘን ያላት ትንሽ ትራስ ትመስላለች። ስትፈነዳ ሮዝ ኮከብ፣ መሃሏ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቀላ ያለ ኮከብ። ሃያ ሠላሳው ተሰብስበው እንደ ኳስ ይንጠለጠላሉ። ፕላስቲክ ነው ብሎ በጥፍሩ የሞከረ እንግዳ አለኝ። መዓዛዋ ማታ ማታ ይብሳል፣ ራስ ምታት ያለበት ሰው መኝታ ቤት ባታስገቧት ይሻላል። የሚያጣብቅ ማር መሳይ ጠብታም ታንጠባጥባለች፣ ከሥሯ ሶፋ ካለ ዞር አድርጉት።

አበባን የሚወስነው ብርሃን ነው። ጨለም ያለ ጥግ ላይ አትሞትም፤ ቅጠሏን ይዛ ዓመታት ትኖራለች፣ አበባ ግን አትጠብቁ። ጠዋት ለሁለት ለሦስት ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚገባበት ወደ ምሥራቅ የዞረ መስኮት ካላችሁ ጨርሳችኋል። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐይዋ በመስታወት ውስጥ አልፋ ቅጠሉን ታቃጥለዋለች፤ ስስ መጋረጃ ጣል አድርጉ። ክረምት ሲገባና ሰማዩ ሲጠቁር ወደ መስኮቱ አስጠጓት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሌሊት ቅጠሏ ቀዝቃዛ መስታወት እንዳይነካ ትንሽ ሳብ አድርጉ፣ ከ10 ዲግሪ በታች አትወድም።

ውሃ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቅጠሏ ወፍራም የሆነው ውሃ ስለምታጠራቅምበት ነው። ስለዚህ «በሳምንት አንዴ» የሚባለውን እርሱትና ቅጠሏን ጠይቁ፤ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጎበጥ ስታደርጉት ጠንከር ብሎ እንቢ ካለ አልጠማትም፣ እንደ ከረመ ጎመን እሺ ብሎ ከታጠፈ ጠምቷታል። ያኔ ከሥር እስኪወጣ አጠጡና የወጣውን ድፉት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ ተክል አላውቅም፣ በጀሪካን ያደረ ውሃ ይበቃታል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከለሰለሰ ግን ጉዳዩ ጥም አይደለም፣ ሥሯ በስብሷል። አውጥታችሁ የጠቆረውን ቆርጣችሁ በአዲስ አፈር ትከሏት።

አፈሩ ውሃ የማይቋጥር ይሁን። እኔ ግማሹን የችግኝ አፈር፣ ግማሹን የከሰል ስብርባሪና ለብሎኬት መሥሪያ የሚመጣውን ቀላል ቀዳዳ ቀዳዳ ጠጠር አደርጋለሁ። የግቢ ጥቁር አፈር ብቻውን አይሆንም፣ ጭቃ ሆኖ ይታፈናል። የቡና አተላ እየደፋችሁ ያላችሁም፣ አውቃለሁ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ላዩ ላይ ይጋገርና ትንንሽ ዝንቦች ይጠራል። ዩሪያም አትሞክሩ፣ ቅጠል ብቻ ነው የሚያበዛው። የአበባ ፈሳሽ ማዳበሪያ በወር አንዴ፣ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ አቅጥናችሁ ስጧት። ማሰሮዋ ጠበብ ይበል። ሰፊ ማሰሮ ክብር መስሏችሁ አታዛውሯት፣ ሥሯ ሲጨናነቅ ነው ማበብ የሚቀናት።

ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ጉያ ውስጥ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ጥጥ አይደለም፣ ተባይ ነው። ከኮቪድ ጊዜ የተረፈ አልኮል ካለ የጆሮ ኩክ ማውጫ ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጉ፣ በየሳምንቱ ደጋግሙት። ከሌሎች ተክሎችም ለዩዋት።

ለማባዛት፣ ሁለት አንጓ (ቅጠል የሚወጣበት ቦታ) ያለው ሐረግ ቁረጡ፤ መቀሱን የምፈቅደው እዚህ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ጭራ ከሌለበት በኩል። ነጭ ወተት ይፈሳታል፣ የአገራችን አጋም የሩቅ ዘመዷ ነው። ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል እጃችሁን ታጠቡ። አንዱን አንጓ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት፣ ወር ገደማ ሲሞላው ሥር ያወጣል። የልብ ቅርጽ ያላት የሌላ ዓይነት ሆያ አንዲት ቅጠል ብቻ ተተክላ ስትሸጥ ካያችሁ ግን ገንዘባችሁን ያዙ፤ ሥር ታወጣ ይሆናል እንጂ አንጓ ከሌላት ሐረግ አይወጣትም።

ከቁራጭ የተነሳች ሆያ ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ሊፈጅባት ይችላል። እምቡጥ ካወጣች በኋላ ደግሞ ቦታዋን አትቀይሩ፣ አታዙሯትም፣ ትቆጣና እምቡጡን ታራግፋለች። እኛ ቤት ወለል በተወለወለ ቁጥር ማሰሮው ዞሮ ነው የሚቀመጠው፤ አሁን ጠርዙ ላይ በማርከር መስመር አስምሬ «ይህ ወደ መስኮት» ብዬ ጽፌበታለሁ።