የሳንባ አቅም ልኬትንና የሳንባ ምስልን አጣምሮ ለማንበብ

ስፓይሮሜትሪ ሳንባ ምን ያህል አየር በምን ፍጥነት እንደሚያስወጣ በቁጥር ይነግራል፤ ጉዳቱ የት እንዳለና ከምን እንደመጣ ግን አይናገርም። ራጅና ሲቲ ስካን ቦታውንና መልኩን ያሳያሉ፤ ታካሚው ዳገት ሲወጣ ለምን ትንፋሽ እንደሚያጥረው ግን ብቻቸውን አይወስኑም። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይኖርበታል፤ በተለይም ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ።

ቅደም ተከተሉ ቸል የሚባል አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ ቲቢ በተስፋፋበት አገር ራጁ መቅደም አለበት። ስፓይሮሜትሪ በኃይል ስለሚያስተነፍስና ሳል ስለሚቀሰቅስ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲያስለው የቆየ ሰው አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ፈጣን የቲቢ ምርመራ ሳይመረመርና ራጁ ሳይታይ ወደ መሣሪያው ባይቀርብ ለባለሙያውም ለቀጣዩ ታካሚም ይበጃል። ራጁ ከሳንባው ውጭ በደረት ውስጥ አየር መጠራቀሙን ካሳየም ስፓይሮሜትሪው ለሌላ ጊዜ ይቆያል።

ልኬቱ የሚታመነው በአግባቡ ሲሠራ ብቻ ነው። ታካሚው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዛል፣ ከንፈሩን አፉ ውስጥ በገባው ቱቦ ዙሪያ አጥብቆ ይገጥማል፤ ከዚያም አየር እስከ መጨረሻው ስቦ፣ ሳያመነታ በሙሉ ኃይሉ እየነፋ፣ የሚወጣ አየር እስኪያጣ ድረስ ይቀጥላል። ተቀባይነት ያላቸው ሦስት ሙከራዎች ያስፈልጋሉ፤ የሁለቱ ከፍተኛ ውጤቶች ልዩነትም ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። 400 ማይክሮግራም ሳልቡታሞል ተሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲደገም፣ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር በኃይል ከወጣው ጠቅላላ አየር ጋር ያለው ምጣኔ ከ0.70 በታች ከሆነ የአየር ቧንቧዎቹ ጠበዋል ማለት ነው። ሲቲ ስካንም እንዲሁ በትንፋሽ ላይ ይመሠረታል፤ አየር በሚገባ ሳይሳብ የተነሣ ጤነኛ ሳንባ ነጣ ብሎ የታመመ ይመስላል። አየር ሳንባ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል ተብሎ ከተጠረጠረ፣ ታካሚው ተንፍሶ ሲጨርስ ሁለተኛ ምስል እንዲነሣ በማዘዣው ላይ መጻፍ ይገባል።

ከዚያ እያንዳንዱ ውጤት በመጀመሪያ ለብቻው ይነበብ፤ አንዱን አስቀድሞ ያወቀ ዓይን በሌላው ላይ የጠበቀውን ያያልና። ስፓይሮሜትሪው መጥበብን ካሳየ፣ ምስሉ ደግሞ በላይኛው የሳንባ ክፍል ጠባሳና ክፍተት፣ እንዲሁም ወደዚያው ወገን የተጎተተ ዋና የአየር ቧንቧ ካሳየ፣ የቀድሞ ቲቢ ያስከተለው ጉዳት ሊሆን ስለሚችል «ሲኦፒዲ» (ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ በሽታ) ብሎ መዝጋት አይገባም። በማገዶ ጢስ ለዓመታት የኖረች እናት ግን ስፓይሮሜትሪዋ ተበላሽቶ ሳለ በሲቲው ላይ ኤምፊዚማ (የሳንባ የአየር ከረጢቶች መፍረስ) እምብዛም ላይታይባት ይችላል፤ እዚህ ላይ ምስሉ ንጹሕ መሰለ ተብሎ ልኬቱ መጣል የለበትም።

የተገላቢጦሹም አለ። ትንፋሹ በጣም የሚያጥረው አጫሽ ስፓይሮሜትሪው ደህና ሊመስል ይችላል። ሲቲው ከላይ ኤምፊዚማ፣ ከታች ፋይብሮሲስ (የሳንባ ጠባሳ) ሲያሳይ ምክንያቱ ይገለጣል፤ አንዱ ሳንባን ሲለጥጥ ሌላው ሲያኮማትር ቁጥሮቹ ይካካሳሉ። ከሳንባ ወደ ደም የሚያልፈውን ጋዝ የሚለካው ዲኤልሲኦ የሚባለው ምርመራ ግን ክፉኛ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ጥምረቱ በይበልጥ የሚጠቅመው ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በፊት ነው። ሳንባ 19 ሴግመንቶች (ንዑሳን ክፍሎች) እንዳሉት ተቆጥሮ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀረው አቅም ይገመታል። በመጀመሪያው ሰከንድ 1.9 ሊትር የሚያስወጣ ታካሚ 3 ሴግመንት ያለው የቀኝ ላይኛው ክፍል ቢወጣለት፣ 1.9 በ16/19 ተባዝቶ 1.6 ሊትር ያህል ይቀረዋል። ነገር ግን ሲቲው ያ ክፍል አስቀድሞ ፈርሶ አየር የማያስገባ መሆኑን ካሳየ፣ የሚቆጠሩት የሚሠሩት ሴግመንቶች ብቻ ስለሆኑ ታካሚው የሚያጣው አቅም ከተሰላው በእጅጉ ያነሰ ይሆናል፤ በዚህ ስሌት ምክንያት ቀዶ ሕክምና ሊከለከል የነበረ ሰው ሊፈቀድለት ይችላል።

ሪፖርቱ ላይ የሁለቱም ምርመራዎች ቀን ይጻፍ፤ በመካከላቸው የሳንባ ምች ወይም የአስም መባባስ ከነበረ የተለየ ሳንባ እየተነጻጸረ ስለሆነ፣ ታካሚው ካገገመ በኋላ ሁለቱም ይደገሙ።