ክለብ የቀየረ ወጣት የሆኪ ተጫዋች ማደጉን እንዴት እንለካለን?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2013 ዋሺንግተን ካፒታልስ ፊሊፕ ፎርስበርግ የተባለ የ18 ዓመት ስዊድናዊ አጥቂውን ለናሽቪል ፕሬዳተርስ አሳልፎ ሰጠ። በምትኩ የተቀበለው የ31 ዓመቱን ማርቲን ኤራትንና ማይክል ላታ የተባለ ሌላ ወጣት ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፎርስበርግ በናሽቪል መለያ በተጫወተባቸው የመጀመሪያ 18 ጨዋታዎች ያስቆጠረው 1 ግብ ብቻ ነው፤ 5 አሲስት (ለጓደኛ ግብ ያበቃ ቅብብል) አክሎበታል። ያኔ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ዋሺንግተን ጥሩ ነገር ሠራ ብሎ ይፈርድ ነበር። በ2014–15 ግን ይኸው ልጅ 82 ጨዋታ ተጫውቶ 26 ግብና 37 አሲስት አስመዘገበ። በ2023–24 ግቦቹ 48 ደረሱ። ኤራት በዋሺንግተን አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወደ ሌላ ክለብ ተሻገረ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በወጣት ተጫዋች ላይ ከሚሰጡ ፍርዶች አብዛኞቹ የሚበላሹት በችኮላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ፣ በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም እየኖራችሁ ልጆቻችሁ በአይስ ሆኪ ፍቅር የተያዙባችሁ ወላጆችም ሆናችሁ ጨዋታውን በራሳችሁ የወደዳችሁ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መንገድ በአንድ ደብተርና በትንሽ ትዕግሥት ልትከተሉት ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ፦ ልውውጡ የእግር ኳስ ዝውውር አለመሆኑን ልብ በሉ

በእግር ኳስ አንድ ክለብ ተጫዋች ሲፈልግ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል፤ ተጫዋቹም ከአዲሱ ክለብ ጋር በደመወዙ ተስማምቶ አዲስ ውል ይፈርማል። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ ነገሩ ሌላ ነው። ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋች ወይም በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ላይ ባለ የመምረጥ ተራ ነው። ውሉም እንዳለ አብሮት ይሄዳል። ክለቦች ለደመወዝ የሚያወጡት ገንዘብ ጣሪያ ስላለው (በ2024–25 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር) ብዙ ልውውጥ የሚደረገው ልጁ ስለተጠላ ሳይሆን ሒሳቡ አልገጥም ስላለ ነው። «ሌላ ክለብ አልሄድም» የማለት መብት በውል ውስጥ የሚገባው ለነባሮቹ ነው፤ ወጣቱ ማታ በአንድ ከተማ ተኝቶ ጠዋት የሌላ ከተማ ተጫዋች ሆኖ ሊነሳ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎችን አትቀላቅሉ። «ልጁ አድጓል ወይ?» አንድ ጥያቄ ነው። «ከልውውጡ የተጠቀመው የትኛው ክለብ ነው?» ደግሞ ሌላ። ልጁ አድጎ ክለቡ ሊከስር ይችላል፤ ሁለቱም ክለቦች የሚጠቀሙበትም ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ የሚያሳስበው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

መነሻውን ጻፉ

ልውውጡ በተሰማ ዕለት፣ አዲስ ጨዋታ ሳይጫወት፣ በደብተራችሁ ላይ እነዚህን አስፍሩ፦ ዕድሜው ስንት ነው? በድራፍት ስንተኛ ተመረጠ? በቀድሞው ክለብ በየጨዋታው ስንት ደቂቃ ይሰለፍ ነበር? በየትኛው ቦታ? ከማን ጋር? ጉዳት ነበረበት ወይ? መነሻው ካልተጻፈ ከዓመት በኋላ ትዝታችን ያታልለናል፤ ልጁ ከመጀመሪያውም ጎበዝ እንደነበረ ወይም ሁልጊዜም ደካማ እንደነበረ ማሰብ እንጀምራለን።

ዕድሜው ላይ ጠበቅ በሉ። በ18 እና በ21 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት በሆኪ እጅግ ሰፊ ነው፤ ሰውነቱ ገና እየጠነከረ ነውና። ተከላካዮች ደግሞ ከአጥቂዎች ዘግይተው ነው የሚበስሉት። የ20 ዓመት ተከላካይን ከ20 ዓመት አጥቂ ጋር በግብ ብዛት ማወዳደር ቡናንና ጤፍን በአንድ ወር አጨዳ መጠበቅ ነው።

ከግቡ በፊት ደቂቃውን እዩ

አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የሆኪ ጨዋታ 60 ደቂቃ ነው፤ ግን ከግብ ጠባቂው በቀር ማንም ሙሉውን አይጫወትም። አጥቂዎቹ በሦስት በሦስት ተከፍለው አራት መስመር ይሠራሉ፤ ተከላካዮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ መስመር በረዶው ላይ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ሮጦ ይቀየራል። የመጀመሪያው መስመር አጥቂ በአንድ ጨዋታ 18 ወይም 20 ደቂቃ ሊያገኝ ይችላል፤ የአራተኛው መስመር 10 ደቂቃ ካገኘ ብዙ ነው። ስለዚህ 10 ደቂቃ ተሰልፎ ግብ ያላስቆጠረውን ልጅ 20 ደቂቃ ተሰልፎ ግብ ካስቆጠረው ጋር ማወዳደር ፍትሕ አይደለም።

የሊጉ ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ተጫዋች ደቂቃ በየጨዋታው ያሳያል። በየወሩ አንድ ጊዜ አማካዩን ጻፉ። ግቡ ሳይጨምር ደቂቃው እየጨመረ ከሄደ አሰልጣኙ እናንተ ያላያችሁትን ነገር አይቷል ማለት ነው፤ በየቀኑ ልምምድ ላይ የሚያየው እሱ ነውና። በተቃራኒው ግቡ እየመጣ ደቂቃው እየቀነሰ ከሆነ ተጠንቀቁ።

የሚካይል ሰርጋቼቭ መንገድ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ሞንትሪያል በ2016 ድራፍት 9ኛ አድርጎ የመረጠውን ይህን ተከላካይ በጁን 2017 ለታምፓ ቤይ ሰጥቶ ጆናታን ድሩዋንን ወሰደ። ታምፓ ልጁን ወዲያው ከባዱ ሥራ ውስጥ አልጨመረውም። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር የሚሰለፈው፤ ያም ሆኖ በ79 ጨዋታ 40 ነጥብ (ግብና አሲስት ተደምሮ) አገኘ። በ2022–23 ደቂቃው ከ23 በላይ ሆኖ ነጥቡ 64 ደረሰ። የነጥቡን ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው የመካከለኛዎቹን ዓመታት ቆሞ የቀረ አድርጎ ሊያነባቸው ይችላል፤ እውነቱ ግን በእነዚያ ዓመታት ከበድ ያለ ሥራ እየተረከበ ነበር።

ከደቂቃው ጋር ዓይነቱንም ለዩ። ባላጋራ ተቀጥቶ ሲወጣ በሰው ብልጫ የሚጫወቱበት ጊዜ፣ ማለትም ፓወር ፕሌይ፣ ግብ የሚበዛበት ነው። አዲሱ ክለብ ልጁን እዚያ ካስገባው ነጥቡ ያለ ምንም የችሎታ ለውጥ ይጨምራል። ሁለቱን ለየብቻ መዝግቡ።

አብሮት የሚጫወተው ማን ነው?

ወደ ፎርስበርግ ልመልሳችሁ። በ2013–14 አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ከኤን ኤች ኤል በታች ባለው ሊግ፣ በሚልዋኪ አድሚራልስ ነበር፤ በ47 ጨዋታ 34 ነጥብ። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተለወጡ። ናሽቪልን ለረጅም ዓመታት የመራው አሰልጣኝ ባሪ ትሮትስ ሄዶ ማጥቃት የሚወደው ፒተር ላቪዮሌት መጣ። ማይክ ሪቤሮ የተባለ ጥሩ አቀባይ ማዕከል (የመስመሩ የመሃል አጥቂ) ፈረመ። ጄምስ ኒልም ከፒትስበርግ መጥቶ የዚያው መስመር ሌላ ክንፍ ሆነ። ታዲያ 63 ነጥቡ የልጁ እድገት ነው ወይስ የአካባቢው ለውጥ? መልሱ ሁለቱም ነው። የትኛው ምን ያህል እንደሆነ የታወቀው ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ ሪቤሮም ኒልም ከሄዱ በኋላ ፎርስበርግ ማስቆጠሩን አላቆመምና።

ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ የመስመር ጓደኞቹን ስም ጻፉ። ጓደኞቹ ሲቀየሩ የእሱ ቁጥር ምን ይሆናል? ከማንም ጋር ቢሰለፍ የማይወርድ ከሆነ ችሎታው የራሱ ነው። ታይለር ሴጊንም እንዲሁ ነው። በቦስተን በክንፍ በኩል ይጫወት ነበር፤ በጁላይ 2013 ወደ ዳላስ ሲሄድ ማዕከል አድርገው ከጄሚ ቤን ጋር አሰለፉትና በመጀመሪያው ዓመት 37 ግብ አስቆጠረ። ልጁ በአንድ ክረምት አልተለወጠም፤ ቦታው ግን ተለወጠ።

የዕድልን ድርሻ ቀንሱ

በሊጉ ወደ ግብ በትክክል ከሚመቱ 10 ፓኮች (ፓክ የሆኪ ጠፍጣፋ ኳስ ነች) አንዷ ገደማ ነች የምትገባው። እንበል አንድ ወጣት በአዲሱ ክለብ 80 ጊዜ መትቶ 14 ግብ አገባ። ደስ ይላል፤ ግን ከተለመደው ሒሳብ 8 ገደማ ነበር የሚጠበቀው። በቀጣዩ ዓመት ግቡ ቢቀንስ «ወደቀ» አትበሉ። ይልቅ የምቱን ብዛት ተመልከቱ፦ 80 ወደ 130 ካደገ፣ ግቡ ቢቀንስም ልጁ እያደገ ነው። የምት ብዛት ከግብ ብዛት ይበልጥ ይታመናል።

ትንሽ ጨዋታ እንዴት እንደሚያታልል ከሳም ቤኔት የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በ2014 ድራፍት 4ኛ የተመረጠው ቤኔት በ2020–21 በካልጋሪ 38 ጨዋታ ተጫውቶ 12 ነጥብ ብቻ ነበረው። በኤፕሪል 2021 ወደ ፍሎሪዳ ሄደና በ10 ጨዋታ 15 ነጥብ አመጣ። አስሩ ጨዋታ እውነት ተናግሮ ነበር ወይ? ከፊል። አቅጣጫው ትክክል ነበር፦ የሚስማማውን ቦታ አግኝቷል። መጠኑ ግን የተጋነነ ነበር፤ በቀጣዩ ሙሉ ዓመት በ71 ጨዋታ 49 ነጥብ አገኘ፣ ከእነዚህም 28ቱ ግብ ናቸው። ያ ደግሞ በራሱ ግሩም ዓመት ነው። በ10 ጨዋታው ሒሳብ የጠበቀ ሰው ግን ቅር ይለው ነበር። በ2025 ፍሎሪዳ የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ደግሞ ሲያነሳ የፕሌይ ኦፉ (ለዋንጫው የሚደረገው የመጨረሻ ዙር ውድድር) ኮከብ ተብሎ የተሸለመው ይኸው ልጅ ነው።

ቴሌቪዥኑን ተዉና ልጁን ተከተሉ

ካሜራው የሚከተለው ፓኳን ነው። ልጁ የሚታወቀው ግን ፓኳ ሌላ ቦታ ስትሆን ነው። ከቻላችሁ አንድ ጊዜ አዳራሽ ገብታችሁ ለ20 ደቂቃ ዓይናችሁን ከእሱ ላይ አትንቀሉ።

አጥቂ ከሆነ፦ ፓኳ በግድግዳው ዳር ስትመጣለት ከመቀበሉ በፊት ትከሻውን ዞር ብሎ ያያል ወይ? ይህቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ብዙ ትናገራለች፤ የሚያይ ልጅ ቀጣዩን ነገር ቀድሞ አስቧል። ወደ ባላጋራ ክልል ሲገባ ፓኳን ይዞ ይገባል ወይስ ወርውሮ ይከተላታል? ሲደክመው ተቀይሮ ይወጣል ወይስ ግብ ፍለጋ ይቆያል? ቡድኑ ፓኳን ሲነጠቅ ቀድሞ የሚመለሰው ማን ነው? ተከላካይ ከሆነ ደግሞ ከራሱ ግብ ጀርባ ፓኳን ሲያነሳ ያለውን የመጀመሪያ ቅብብል ብቻ ቁጠሩ፤ ስንቱ ለጓደኛው ደረሰ፣ ስንቱ ለባላጋራ?

ይህንን በመስከረም መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በጥር አንድ ጊዜ፣ በመጋቢት አንድ ጊዜ አድርጉ። በሦስቱ መካከል ያለውን ለውጥ ማንም ሠንጠረዥ አያሳያችሁም።

ሰው መሆኑን አትርሱ

ችግኝ ከመደቡ ተነቅሎ ሲተከል መጀመሪያ ይጠወልጋል። የ19 ዓመት ልጅም አዲስ ከተማ፣ አዲስ ክፍል፣ አንዳንዴም አዲስ ቋንቋ ይገጥመዋል። ከአገር የወጣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል፤ ለእነዚህ ልጆችም ያንኑ ርኅራኄ ልንነፍጋቸው አይገባም።

ድሩዋን የኩቤክ ልጅ ስለነበር ሞንትሪያል ሲመጣ የአገሬው ሰው ተስፋ ሁሉ ትከሻው ላይ ወደቀ። በ2021 በጭንቀትና በእንቅልፍ እጦት ሲሰቃይ እንደነበር በአደባባይ ተናገረ። በ2023 በ825,000 ዶላር የአንድ ዓመት ውል ኮሎራዶ ሲገባ በልጅነቱ በሃሊፋክስ አብሮት የተጫወተውን ኔተን ማኪነንን አገኘና በ79 ጨዋታ 56 ነጥብ አስመዘገበ። ልጁ ችሎታውን አልጣለም ነበር።

ጉዳትም አለ። ከርቢ ዳክ በ2022 ወደ ሞንትሪያል ከሄደ በኋላ በሁለተኛው ዓመቱ 2 ጨዋታ ተጫውቶ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። እንዲህ ያለውን ዓመት በደብተራችሁ ላይ «አልታየም» በሉት፤ «አላደገም» አትበሉ።

የፍርዱን ቀን አስቀድማችሁ ቁረጡ

እኔ ሦስት ቀን እቆርጣለሁ፦ ከ40 ጨዋታ በኋላ፣ ከአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን በኋላ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ሚናው ብቻ እጽፋለሁ፤ ስለ ችሎታው አልፈርድም። በሁለተኛው ምቱንና ደቂቃውን ከመነሻው ጋር አስተያያለሁ። እድገቱን በድፍረት የምናገረው በሦስተኛው ነው።

ራሳችሁን ልትፈትኑበት የምትችሉት ልውውጥ አሁንም ክፍት አለ። በጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ፊላደልፊያ ከተር ጎቲየር የተባለውን አጥቂ ለአናሃይም ሰጥቶ ጄሚ ድራይስዴል የተባለውን ተከላካይና አንድ የሁለተኛ ዙር ድራፍት ምርጫ ወሰደ። ጎቲየር በመጀመሪያው ሙሉ ዓመቱ 82 ጨዋታ ተሰልፎ 20 ግብ አስቆጥሯል። ድራይስዴል ከልውውጡ በፊት በነበረው የውድድር ዘመን በትከሻ ጉዳት 8 ጨዋታ ብቻ ነበር የተጫወተው፤ የዘገየ መነሻ ያለው ተከላካይ ነው። በእኔ ደብተር የጎቲየር ገጽ ላይ «ሚናው ሰፍቷል፣ ምቱን ቁጠር» ይላል። የድራይስዴል ገጽ ላይ ደግሞ ከጤናው ማስታወሻ በታች ያለው ቦታ እስከ ሦስተኛው ዓመት ባዶ ነው።