የአንድ ታዋቂ የካንትሪ ዘፈን ታሪክ ለሚኒ ሚዲያ እንዴት ይዘጋጃል?

ደሴ ውስጥ የካንትሪ ሙዚቃ ወዳጅ ብዙ ነው፤ ኬኒ ሮጀርስንና ዶን ዊሊያምስን በካሴት ያዳመጠ ትውልድ ዛሬም ፒያሳ አካባቢ ቡናውን እየጠጣ ይጨዋወታል። በመሆኑም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት ለሚያቀርቡት የሚኒ ሚዲያ ዝግጅት የአንድ የካንትሪ ዘፈን ታሪክ ቢመርጡ አድማጭ አያጡም። ለማሳያ የምወስደው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የተሰኘውን ነው፤ ብዙ ሰው የዊትኒ ሂውስተን ብቻ አድርጎ የሚያውቀው ይህ ዘፈን የአሜሪካዊቷ የካንትሪ ዘፋኝ የዶሊ ፓርተን ድርሰት ነውና።

ከሁሉ በፊት የዘፈኑን ልዩ ልዩ ቀኖች ለዩ። አንድ ዘፈን የተደረሰበት፣ የተቀረጸበት፣ ለገበያ የቀረበበትና በሰንጠረዥ አንደኛ የወጣበት ጊዜ አንድ አይደለም፤ ብዙ ጽሑፎች የሚሳሳቱትም እነዚህን ሲደባልቁ ነው። ፓርተን ዘፈኑን የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ 13 ቀን ናሽቪል በሚገኘው የአርሲኤ ስቱዲዮ ቢ ተቀረጸ፤ በመጋቢት 1974 በሸክላ ወጣ፣ በሰኔም በቢልቦርድ መጽሔት የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር አድማጭ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አቅራቢው «በ1974 ወጣ» ብሎ ዝም ካለ፣ አድማጩ በራሱ አቆጣጠር ይረዳዋል። የሚያስገርመው ደግሞ ፓርተን ዘፈኑን ለአንድ ፊልም እንደገና ተጫውታው ፊልሙ የታየው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1982፣ ማለትም በእኛ 1974 መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ እውነት መስሎ ያልፋል። ይህ ሁለተኛው ቅጂም እ.ኤ.አ. በዚያው 1982 በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ መውጣቱ መነገር አለበት። ቀኖቹን ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይራችሁ ጻፉ፦ የተቀረጸው ሰኔ 6 ቀን 1965 ነው። ያ ወቅት ወሎ በረሃብ የተመታበት፣ ገበሬው ቀዬውን ለቅቆ ወደ ዋናው መንገድ የወጣበት ጊዜ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታነሡ፣ የደሴ አድማጭ ዘመኑን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ይረዳዋል።

ቀጥሎ ዘፈኑ ለምን እንደ ተደረሰ ጠይቁ። ፓርተን እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በካንትሪ ዘፋኙ በፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ትሠራ ነበር፤ ለብቻዋ ለመውጣት ስትወስን እሱ አልለቅም በማለቱ፣ ስሜቷን በዘፈን እንደ ነገረችውና እሱም ሰምቶ እንዳለቀሰ ደጋግማ ተናግራለች። ይህ የባለ ታሪኳ ምስክርነት ስለሆነ «እንደ ተናገረችው» የሚለው ቃል ከጽሑፋችሁ አይጥፋ። ታሪኩን በመልካም ስንብት ብቻ መዝጋትም አይገባም፤ ዋጎነር እ.ኤ.አ. በ1979 ውል አፍርሳለች ብሎ ከሷታል፣ ጉዳዩም በስምምነት ተቋጭቷል። ይህን የሚዘል አቅራቢ ተረት እንጂ ታሪክ አላቀረበም።

በእኔ እምነት ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ ዘፈኑን ለመጫወት ፈልጎ ነበር፤ ሆኖም ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል ቶም ፓርከር የአሳታሚነት መብቱ (ከዘፈኑ ገቢ የሚያስገኘው መብት) ግማሽ እንዲሰጥ ጠየቀ። ፓርተን ሌሊቱን ስታለቅስ ብታድርም እምቢ አለች። ይህ ውሳኔ ያስገኘው ጥቅም በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ዊትኒ ሂውስተን «ዘ ቦዲጋርድ» ለተሰኘው ፊልም የተጫወተችው ቅጂ በአሜሪካ ዋናው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ፣ የደራሲነቱ ገቢ ለፓርተን ሆነ። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከወሎ ምድር የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው፤ በእነሱ የሚዜሙት የቆዩ ግጥሞች ግን ከአዝማሪ ወደ አዝማሪ እየተላለፉ ስለ መጡ የብዙዎቹን ደራሲ ማንም አያውቅም። የአሜሪካው ዘፈን ግን በውልና በምዝገባ ስለሚሄድ ታሪኩን በሰነድ መከታተል ይቻላል፤ ይህን ልዩነት አድማጭ በሚያውቀው ሙዚቃ ማስረዳት ከረጅም የሕግ ትንታኔ ይሻላል።

በመጨረሻም ቅጂዎቹን በጆሯችሁ አነጻጽሩ። ፓርተን በ1974ቱ (እ.ኤ.አ.) ቅጂ የመጨረሻውን አንጓ አትዘፍነውም፣ በንግግር ነው የምትለው። ሊንዳ ሮንስታድት እ.ኤ.አ. በ1975 ስትጫወተው ይህን አንጓ ተወችው፤ የሂውስተን ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ፎስተር እንደ ተናገረውም፣ እሱ በእጁ የነበረው የሮንስታድት ቅጂ ስለ ነበረ የጎደለውን አንጓ ያገኘው ከፓርተን ነው። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ከሌላው ቀንሳችሁ ይህን አንጓ ከፓርተንም ከሂውስተንም አሰሙ። የሂውስተን መግቢያ ያለ መሣሪያ በለሆሳስ ስለሚጀምር በግቢ ጫጫታ መካከል በሞንታርቦ አይሰማም፤ ስለዚህ ከፓርተን ጊታር ጀምሩ፣ የሂውስተንን ግን ከሳክስፎኑ በኋላ ካለው ክፍል ቆርጣችሁ አስገቡ።