ከአዳማ ሆናችሁ የብሎክ ኮፖሊመር ሳምፕል ለኒውትሮን እንዴት እንደምታዘጋጁ

ብሎክ ኮፖሊመር ማለት ጠባያቸው የማይገናኝ ፖሊመሮች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው አንድ ሰንሰለት ሲሆኑ ነው፣ እዚህ በምንሰራበት ላይ አንዱ ውሃ ይወዳል ሌላው ይሸሻል፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሸሺዎቹ መሀል ተሰብስበው ወዳዶቹ ዙሪያቸውን ይከባሉ፣ ልብስ ስናጥብ እንዶድ ወይ ሳሙና ቅባቱን አቅፎ እንደሚይዘው ማለት ነው። ይሄ ሚሴል ይባላል፣ በናኖሜትር የሚለካ ስለሆነ ውስጡን ለማየት የኒውትሮን ጨረር ሳምፕሉ ላይ ልኮ እንዴት እንደሚበተን መለካት በጣም ይረዳል።

መጀመሪያ ፕሉሮኒክ ኤፍ 127 የሚባለውን ብሎክ ኮፖሊመር ያዙ፣ መድሃኒት ውስጥም የሚገባ ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ይሟሟልኝ ብላችሁ እንዳታሞቁት! ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጨምራችሁ እስኪጠራ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። 20 ፐርሰንት ፖሊመር ያለበትን አውጥታችሁ በአዳማ የቀትር ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ተዉትና ብልቃጡን ገልብጡት፣ አይፈስም፣ ጥርት እንዳለ እንደ እርጎ ረግቷል፣ ፍሪጅ ሲመለስ ደግሞ ውሃ ይሆናል። ሚሴሎቹ በዝተው ተጣበው ስለቆሙ ነው። የአንዱን ሚሴል ቅርጽ ለማወቅ ግን 1 ፐርሰንት አካባቢ ይበቃል።

ቀጥሎ ውሃው፣ ለኔ ሙሉ ስራው ያለው እዚህ ነው። ኒውትሮን የሚያየው ኒውክሊየስን ነው፣ ኒውክሊየሱ ኒውትሮንን የሚበትንበት ልክ (ስካተሪንግ ሌንግዝ) ለተራ ሃይድሮጅን −3.74 ፌምቶሜትር ሲሆን ለዲዩቴሪየም፣ ማለትም ለከባዱ ሃይድሮጅን፣ 6.67 ነው፣ ስለዚህ ተራ ውሃና ከባድ ውሃ (በሃይድሮጅን ፋንታ ዲዩቴሪየም ያለበት) እየቀላቀላችሁ ውሃውን ከፈለጋችሁት ክፍል ጋር በማመሳሰል ያንን ክፍል ከኒውትሮኑ መደበቅ ትችላላችሁ። ግን ተጠንቀቁ፣ የኤፍ 127 አንዱ ብሎክ 13 ሌላው 17 ፐርሰንት ከባድ ውሃ አካባቢ ስለሚጠፉ አንዱን ብቻ ልደብቅ ብትሉ ሁለቱም አብረው ይሄዱባችኋል፣ ለዚያ አንድ ብሎኩ ዲዩቴሪየም የሆነ ፖሊመር ያስፈልጋል። ጀማሪ ከሆናችሁ በንጹህ ከባድ ውሃ ጀምሩ፣ ተራ ሃይድሮጅን በየአቅጣጫው እየበተነ ሲግናሉን ያለብሰዋልና። ክዳኑን ክፍት አትተዉ፣ ከአየር እርጥበት ይስባል። ከተራው ውሃ 11 ፐርሰንት ገደማ ስለሚከብድ ደግሞ ሁሉንም መዝናችሁ ደብተር ላይ ጻፉ።

ከዚያ እዚሁ በላይት ስካተሪንግ (በብርሃን መበተን) የሚሴሉን መጠንና ሚሴል መፈጠር የሚጀምርበትን ሙቀት ለኩ። ይሄን ይዛችሁ ነው ፕሮፖዛል የምትጽፉት፣ ለኒውትሮን ማዕከላት፣ ፈረንሳይ ግሬኖብል ላለው አይኤልኤል (ዲ11፣ ዲ22 ለተባሉት መሣሪያዎቹ) ወይ እንግሊዝ ላለው አይሲስ። ስንት ሳምፕል፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ በግልጽ አስቀምጡ፣ ቢምታይም፣ ማለትም የኒውትሮን ጨረሩን (ቢሙን) እንድትጠቀሙ የሚሰጣችሁ ጊዜ፣ የሚቆጠረው በሰዓትና በቀን ነው።

እዛ ስትደርሱ ሴሉ፣ ማለትም የሳምፕሉ መያዣ፣ ኳርትዝ ይሁን፣ የላብ ብርጭቆ ቦሮን ካለበት ኒውትሮኑን ይውጠዋል። ውፍረቱ ለከባድ ውሃ 2 ሚሊሜትር፣ ተራ ውሃ ለበዛበት 1 ሚሊሜትር። ሳምፕሉን ብቻ ለክታችሁ አትመለሱ፣ ባዶ ሴል፣ ፖሊመር የሌለበት ውሃ፣ የተዘጋ ቢም፣ ትራንስሚሽን (ሳይበተን የሚያልፈው የኒውትሮን ድርሻ) ለኩ፣ አንዱ ከቀረ ዳታውን በትክክል አጽድቶ ለትንተና ማዘጋጀት አይቻልም። ሙቀት በቀየራችሁ ቁጥር እስኪረጋጋ ጠብቁ።

ትንተናው በሳስቪው ነው፣ ነጻ ሶፍትዌር። ባክግራውንዱን ቀንሳችሁ መጀመሪያ ጊኒየር (መጠኑን በግምት የሚሰጥ ቀላል ትንተና)፣ ቀጥሎ ኮርና ሼል (መሀልና ዙሪያ) ያለው ኳስ ሞዴል ሞክሩ። በተለያየ ውሃ የለካችሁትን ሁሉ አንድ ላይ ከሞዴሉ ጋር አመሳስሉ (ፊቲንግ)፣ ሙቀቱ አንድ እስከሆነ የኮሩ ራዲየስ በሁሉም ተቀራራቢ መምጣት አለበት፣ በየውሃው እየተቀያየረ ካስቸገራችሁ ሞዴሉን ከመቀየራችሁ በፊት ያንን የሚዛን ደብተር ግለጡ።