የጃቫ ቴስት «ቢን አላገኘሁም» ብሎ ሲወድቅ ምክንያቱን እንዴት እንፈልጋለን?

ሐዋሳ ውስጥ ለአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሽያጭ መመዝገቢያ በስፕሪንግ ቡት (በጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) እየተሠራ ነው እንበል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያለ እንከን ይሠራል፤ የሽያጭ ኮንትሮለሩ (ከዌብ የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው ክላስ) ቴስት ግን ኮንትሮለሩ የሚጠቀምበትን የዋጋ ሰርቪስ አላገኘሁም ብሎ ገና ሳይጀምር ይወድቃል። ሰርቪሱም ሆነ ኮንትሮለሩ «ቢን» ይባላሉ፤ ስፕሪንግ ራሱ ፈጥሮ የሚያስተዳድራቸው ኦብጀክቶች ማለት ነው።

በመጀመሪያ የስሕተት መልእክቱን እስከ ታች ያንብቡ። የላይኛው መስመር አፕሊኬሽን ኮንቴክስቱ (ቢኖቹን ሁሉ የሚይዘው መያዣ) እንዳልተጫነ ከመናገር አያልፍም፤ ቁም ነገሩ ያለው «ኮዝድ ባይ» ከሚሉት መስመሮች በመጨረሻው ላይ ነው። እዚያ «ኖ ዩኒክ ቢን ዴፊኒሽን» ከተባለ ለአንድ ኢንተርፌስ ሁለት ክላሶች ተገኝተዋልና አንዱን «ፕራይመሪ» በሚለው አኖቴሽን (ከክላሱ በላይ በ@ በሚጻፍ ምልክት) መለየት ይበቃል። «ኖ ሰች ቢን ዴፊኒሽን» ከሆነ ግን ክላሱ ጭራሽ አልተመዘገበም።

ቀጥሎ ቴስቱ የያዘውን አኖቴሽን ይመልከቱ፤ በእኔ ግምት ብዙ ጊዜ መልሱ የሚገኘው እዚህ ነው። «ዌብ ኤምቪሲ ቴስት» ኮንትሮለሮችንና ከዌብ ጋር የተያያዙትን ብቻ ስለሚጭን ሰርቪሶችን ሆን ብሎ ይተዋቸዋል። ስለዚህ በሰርቪሱ ቦታ አስመሳይ ይተኩ፤ ለዚህ የሚያገለግለው «ሞክ ቢን» በስፕሪንግ ቡት 3.4 እንደሚወገድ ተገልጾ በ4.0 ስለተወገደ «ሞኪቶ ቢን»ን ይጠቀሙ። ለአንድ ኮንትሮለር ሲባል ሁሉንም ወደሚጭነው «ስፕሪንግ ቡት ቴስት» መዞር ቴስቱን ያለ ምክንያት ያዘገየዋል።

ቴስቱ አስቀድሞ «ስፕሪንግ ቡት ቴስት» ከሆነ ፓኬጆቹን ይመርምሩ። ስፕሪንግ ቡት ዋናውን ክላስ («ስፕሪንግ ቡት አፕሊኬሽን» የሚል አኖቴሽን ያለበትን) የሚፈልገው ከቴስቱ ፓኬጅ ተነስቶ ወደ ላይ እየወጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ከዚያ ፓኬጅ ወደ ታች ያሉትን ክላሶች ብቻ ይቃኛል። በመሆኑም በቴስት ፎልደሩ ውስጥ፣ «አሞራገደል.ሽያጭ» በተባለው ፓኬጅ፣ አንድ ሰው ለሙከራ ሌላ ዋና ክላስ ፈጥሮ ረስቶት ከሆነ «አሞራገደል.ዋጋ» ውስጥ ያለው ሰርቪስ አይታይም፤ የተረሳውን ክላስ ማጥፋት ነው። በቴስቱ ክላስ ውስጥ የተጻፈ ስታቲክ «ኮንፊገሬሽን»ም እንዲሁ ዋናውን ይተካዋል፤ ቢን ለመጨመር ብቻ ከተፈለገ «ቴስት ኮንፊገሬሽን» መባል አለበት።

አሁንም ካልተለየ የ«ኦርግ.ስፕሪንግፍሬምወርክ.ኮንቴክስት.አኖቴሽን»ን የሎግ ደረጃ ወደ «ዲበግ» ከፍ አድርገው ቴስቱን ደግመው ያስነሱት። የክላሶቹ ቅኝት የመረጠው እያንዳንዱ ክላስ ፋይሉ ካለበት አድራሻ ጋር ይዘረዘራል፤ የዋጋ ሰርቪሱ ከዝርዝሩ ከጠፋ ቅኝቱ ወደ ፓኬጁ አልደረሰም፣ ወይም ክላሱ ላይ «ሰርቪስ» የሚለው አኖቴሽን አልተጻፈም።