ስለ ዋልታዎች የሜርኩሪ ብክለት ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ቀደምቶቻችን ባዜቃ ስለሚሉት ስለ ሜርኩሪ ለተማሪዎቼ የጽሑፍ ሥራ እሰጣለሁ። በጽሑፎቻቸው በየዓመቱ የሚመላለሱትን ስህተቶች ከዚህ በታች አብራራለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት «በአርክቲክ፣ ማለትም በሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ ፋብሪካ ስለሌለ ብክለት የለም» ማለት ነው። የደቻቱ ወንዝ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ በደንገጎ በኩል ባለው ደጋ በዘነበው ዝናብ ሞልቶ እንደሚመጣ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ወገኖቻችንን የወሰደው ጎርፍም የመጣው ከዚያው ነው። የሜርኩሪም ነገር እንደዚሁ ነው። የድንጋይ ከሰል ሲነድና በባህላዊ መንገድ ወርቅ ሲወጣ የሚተንነው ሜርኩሪ በጋዝነቱ ለወራት አየር ላይ ስለሚቆይ፣ ከምንጩ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ዋልታ ይደርሳል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 በሰው ሥራ ወደ አየር የተለቀቀውን ወደ 2,200 ቶን ገምቶታል።

ጎበዝ ተማሪዎችን የሚያሳስተው ግን ሁለተኛው ነው። ሜርኩሪ ከዜሮ በታች በ39 ዲግሪ ገደማ ስለሚረጋ «የዋልታው ብርድ አርግቶ ያወርደዋል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ አለርት በተባለው ጣቢያ የተካሄደው ልኬት ሌላ ነገር አሳየ፦ በምድር አቅራቢያ ባለው አየር ውስጥ የነበረው የሜርኩሪ ጋዝ በድንገት ያሽቆለቆለው ከረጅሙ የዋልታ ሌሊት በኋላ ፀሐይ ስትመለስ ነው። ምክንያቱ ብርድ ቢሆን ኖሮ በጨለማው ክረምት በታየ ነበር። የፀሐይ ብርሃን በባሕር በረዶና በበረዶው ላይ ካለው ጨው ብሮሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ብሮሚኑም ጋዙን ኦክሲጅን እንደሚያዝገው ብረት ለውጦ በረዶው ላይ እንዲጣበቅ ያደርገዋል። ይህን ምሳሌ ክፍል ውስጥ ስናገር ዘወትር ደስ ይለኛል፤ አንዲት ቀላል ጥያቄ፣ «መቼ ሆነ?» የምትለው፣ አሳማኙን ግምት ትጥለዋለችና።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይከተላል፤ የወረደው ሁሉ እዚያው ይቀራል ማለት። ያው ፀሐይ ከበረዶው ላይ ብዙውን መልሶ ወደ አየር ያስነሣዋል። በአንጻሩ ዛፍ አልባ በሆነው ቀዝቃዛ ሜዳ፣ በቱንድራ፣ የሚበቅሉ ዕፅዋት ጋዙን በቅጠላቸው ስበው ወደ አፈር ያስገቡታል፤ እንደ ሌና ያሉ ወንዞችም ከአፈሩ አጥበው ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ ያደርሱታል።

ብርማውን ፈሳሽ ሜርኩሪና ሜቲል ሜርኩሪን አንድ ማድረግም አይገባም። ሜቲል ሜርኩሪ ኦክሲጅን ባነሰበት ውኃና ደለል ውስጥ ባክቴሪያዎች ከሜርኩሪ የሚሠሩት ውህድ ሲሆን፣ ከጥቃቅን ሕያዋን ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ዓሣ ነባሪና ወደ ዋልታ ድብ በተሸጋገረ ቁጥር ክምችቱ ይጨምራል።

በመጨረሻም «ሥጋው በደንብ ከበሰለ ችግር የለም» የሚለው ነው። ሜቲል ሜርኩሪ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ መቀቀልም ስቡን መግፈፍም አያስወግደውም። ነፍሰ ጡር እናት የበላችው በእንግዴ ልጅ አልፎ የፅንሱ አንጎል ይደርሳል፤ በሰሜን አትላንቲክ የፌሮ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ከተወለዱት ሕፃናት መካከል እናቶቻቸው የዓሣ ነባሪ ሥጋ አዘውትረው በመብላታቸው በማኅፀን ሳሉ ብዙ ሜቲል ሜርኩሪ የደረሳቸው፣ በ7 ዓመታቸው ሲፈተኑ በትኩረት፣ በቋንቋና በማስታወስ ደከም ብለው ተገኝተዋል።